ዕድራችን ጎራዴ ሜዳ ልቅሶ የደረሰ ዕለት

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ የማወጋችሁን ሰምታችሁ ጀግና እንዳታደርጉኝ። መብረቅ እፈራለሁ። የመብራት ማብሪያ እፈራለሁ። ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ገና ሳላነሳው "ማን ሞተ?" እላለሁ። ስሜ እናኑ ነው፤ ብቸና ገበያ ጌሾ እየሸጥሁ የምኖር ሴት ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እሱንም ያቆምሁት መምህሩን ፈርቼ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

እግዜር ለዚህች ፈሪ አንዲት ልጅ ሰጣት፤ ማስተዋል ትባላለች። አባቷ ገና ድክ ድክ ስትል ስለሞተ፣ በእሱም ፋንታ በእኔም ፋንታ እየፈራሁ አሳደግኋት። ዛፍ እንዳትወጣ፣ ወንዝ እንዳትሻገር፣ በቅሎ ኋላ እንዳትቆም ስል ስል አደገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ተማረች። "እንግዲህ ወይ አስተማሪ ወይ የቢሮ ሰው ትሆናለች፤ ከጣራ ሥር ትቀመጥልኛለች" ብዬ ዕፎይ አልሁ። ሥራ ጠፍቶ ብዙ ከተቀመጠች በኋላ ወደ ሞጣ ሄደች፤ አንድ ቀን ደወለች።

"እማ፣ ሥራ አገኘሁ!"

"ተመስገን! የምን ሥራ?"

"አስጎብኚ። ጎራዴ ሜዳ የሚባል የጥንት የጦር ሜዳ አለ፣ ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ። የሚቆፍሩ ምሁራን መጥተው የጦር ጫፍ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የሰው አጽም አውጥተዋል። እኔ ያንን ለሰው አሳያለሁ።"

"የሰው ምን?"

"አጽም።"

ስልኩ ከእጄ አመለጠ። ጌሾው ላይ ስለወደቀ አልተሰበረም፤ ከዚያ ውስጥ "እማ? እማ?" ይላል።

አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም ይባላል። የእኔዋ አንድ ዓይን ጭራሽ አፈር ውስጥ ከተኛ ሬሳ ጋር ልትውል ሄደች። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጉድጓዱ ቢደረመስባትስ? ከገደሉ ብትንሸራተትስ? የሞተው ሰው ተከትሏት ቤት ቢገባስ? ደግሞ አጽም አጽም የምትሸት ሴት ማን ያገባታል? ለብቸናው ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳልሁ፤ ይህን ሥራ አስትቶ ወደ ቤቷ ከመለሰልኝ። ሰማዕቱ ዝም ሲለኝ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ሄድሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ የሴቶች ዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። አልቃሽም ናቸው። በሰፈራችን እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሰው በደንብ የሞተ አይመስለንም። ነገሩን ስነግራቸው አልደነገጡም።

"ለእናቷ እንቢ ያለች ለሽማግሌ እሺ ትላለች" አሉኝ። "ሰው ይጎበኘዋል አላልሽም? እንጎበኛለን እንግዲያ! ጎብኚ ነን ብለን እንሄዳለን፤ ስንጨርስ አንች ታለቅሻለሽ፣ እኔ እመክራለሁ፣ ልጅቱን መካከላችን አስቀምጠን እንመለሳለን።"

ልጄ ያኔ በሙከራ ላይ ነበረች። በመጪው እሑድ ከባህል ቢሮ ሰው መጥቶ አስጎበኛኘቷን ያያል፤ ከወደደው ትቀጠራለች፣ ካልወደደው ትሰናበታለች። እኛም ያንኑ እሑድ መረጥን።

መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም ነው ስለተባለ፣ ቅዳሴ እንደወጣን ሚኒባስ ሞልተን ተነሣን። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን ያየሁት በጆሮዬ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መኪናው ጠመዝማዛ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ጊዮርጊስን እጠራለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ፦

"ምነው እናኑ፣ እሱም እኮ የሚቀመጠው ፈረስ ላይ ነው። እየተንገጫገጨ ነው የሚሰማሽ" ይሉኛል።

ሞጣ ስንደርስ ዘይነባ ጠበቀችን። ዘይነባ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ሞጣ የኖሩ እስላሞች ናቸው። እኔና እሷ ድሮ፣ ለገበያ ብቸና ስትመጣ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሸጠናል። ማስተዋልም የተከራየችው ከእሷ ግቢ ነው።

"ልጅሽ ደኅና ናት" አለችኝ፣ ሚኒባሱ ላይ እየወጣች። "ማታ ማታ ስለ አጽሙ ታወራኛለች። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ጎረቤቴ መስሎኛል። 'ዛሬስ እንዴት ዋለ?' እላታለሁ።"

ጎራዴ ሜዳ ስንደርስ ልጄ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሳ፣ በትር ይዛ ቆማለች።

"ይቺ ናት እንዴ? ትራፊክ ፖሊስ መስላለች!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

እሷ ግን እኛን ስታይ በትሯን ጥላ ሮጠች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና "እማ! አንች መኪና ፈርተሽ የማትሳፈሪው ሴትዮ! ሥራዬን ልታዪ መጣሽ?" ብላ እንባዋ ቀደማት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዕድራችን ሴቶች ቀና ያለ አልነበረም፤ ከእትዬ ጥሩወርቅ በቀር።

"እንዴታ!" አሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። "ያንች ነገርማ እንቅልፍ ነስቶን!"

የቢሮው ሰው አቶ ቢኒያም ይባላል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ጎልማሳ ነው። "ዛሬ ኢቫሉዌት ላደርግ ነው የመጣሁት። ሁላችንም ፕሮፌሽናል እንሁን" አለን። እሺ አልነው። ምን እንደሆን ባናውቅም የሚሆን ነገር መሰለን።

ልጄ ጀመረች። እጇን ስትዘረጋ ሜዳው ሁሉ የእሷ ይመስላል። "ከፊታችሁ የምታዩት አቀበት አንዱ ወገን የመጣበት ነው። ሌላው ወገን በስተጀርባችን ካለው ጉብታ ላይ ሰፍሮ ነበር። እዚህ ቆላማው ቦታ ላይ ገጠሙ።"

"እነማን ናቸው የገጠሙት?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"እሱ ገና አልታወቀም፣ እትዬ።"

"ማንስ አሸነፈ?"

"እሱም አልታወቀም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ምን ስትማሪ ቆየሽ?"

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ከሞጣ የመጣ አንድ ጎብኚ "የታወቀ ነው፤ ያሸነፉት የኛ አባቶች ናቸው" አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው "የናንተ አባቶች በበቅሎ ፊታቸውን አዙረው ሲሸሹ የኛ አባቶች አይተዋቸዋል" አሉት። ሰውየው ተቆጣ። የኛ ሴቶች ጎራ ለይተው ቆሙ። ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ሳይታወቅ ጦርነቱ እንደገና ሊጀመር ትንሽ ቀረው።

ዘይነባ ናት ያበረደችው። "ያሸነፈውማ ጅብ ነው" አለች።

አቶ ቢኒያም ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ላቧን ጠረገች። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር፤ ልጄ እያወራች ወደ ኋላዋ ወደ ኋላዋ ትራመዳለች፣ ከኋላዋ ጉድጓድ አለ።

ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ያለፈ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ነው። ዙሪያው በገመድ ታጥሯል፤ ገመዱ ያልበቃበትን የጥበቃው ሰውዬ በልጥ ቀጣጥሎታል። "ከአጥሩ ማንም እንዳያልፍ" አለች ልጄ፣ እኔን እያየች። ደግማ "እማ፣ ሰማሽ?" አለች። ሰማሁ። ግን እሷ ራሷ ከአጥሩ ውስጥ ገብታ አፋፉ ላይ ቆመች። ከላይ ሆና በበትሯ ወደ ታች እየጠቆመች "ይህ አጽም..." ስትል ከእግሯ ሥር ጠጠር ተንሸራትቶ ሲወርድ አየሁ።

ከዚያ በኋላ እግሬ እንጅ ራሴ አላዘዘኝም። ልጡን በላዩ ተሻገርሁ። እጇን ይዤ "ነይ ውጭ ከዚህ" ልላት ነው። ልደርስባት ስል ከእግሬ ሥር አንድ ቡናማ፣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ ነገር በንፋሱ ተንቀሳቀሰ። "እባብ!" ብዬ ወደ ጎን ዘለልሁ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔ እባብ እንኳ አይቼ አላውቅም። ከአጥሩ የተረፈ ልጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጥግ ላይ በተከመረ ልም አፈር ላይ በቂጤ አረፍሁ። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ቀሚሴ ግን ከወገቤ እስከ ጉልበቴ ተተረተረ። ዓይኔን ስገልጥ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ እሱ አለ። በጎኑ ተጋድሞ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ። ጥርሱ ሙሉ ነው። አፍ ለአፍ ተፋጠጥን።

መጮህ ፈለግሁ፤ ድምፄ ግን ከላይ ቀርቷል። ግድግዳውን ይዤ ልነሣ ስል አፈሩ እየተፈረፈረ አንገቴ ውስጥ ገባ። ከላይ አቶ ቢኒያም "ማንም እንዳይጠጋ! ጠርዙ ይደረመሳል! መሰላል! መሰላሉስ?" ይላል። መሰላሉ ከጉብታው ማዶ፣ ቆፋሪዎቹ ከሚያርፉበት ድንኳን ነው። የጥበቃው ሰውዬ ሲሮጥ ኮቴው ይሰማኛል፣ እየራቀ።

"ጊዮርጊስ" አልሁ በልቤ፣ "ሁለተኛ ጃንጥላ።"

ቀና ስል የልጄን ፊት አየሁ። በደረቷ ተኝታ አንገቷን አውጥታለች፤ ባርኔጣዋ የለም።

"ተመለሽ! ይደረመስብሻል!" አልኋት። ድምፄ የወጣው ያኔ ነው።

"አልመለስም። እማ፣ አትንቀሳቀሽ። እኔን ስሚኝ።"

"ሬሳው እያየኝ ነው!"

"አያይሽም። በጎኑ ነው የተኛ። ላስተዋውቅሽ?"

"ምን?"

"ሥራዬ አይደል? ሰው ማስተዋወቅ ነው። ጥርሱን እዪው፣ ከኋላ። የመጨረሻው መንጋጋ ገና ብቅ ማለቱ ነው። አየሽ?"

ማየት አልፈለግሁም፤ አየሁ። እውነትም ከሌሎቹ ዝቅ ብላ አንዲት ጥርስ ከአጥንቱ ውስጥ ልትወጣ ስትል ቀርታለች።

"የኔስ መቼ ወጣ?" አለችኝ።

አስታወስሁ። ዩኒቨርሲቲ በገባች በዓመቷ ነው። ጉንጯ አብጦ፣ ከግቢ ደውላ "እማ፣ ልሞት ነው" ብላኝ፣ እኔም እውነት መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አድሬያለሁ።

"እሱም ያን ሰሞን አሞት ይሆናል" አለች ልጄ። ድምፅዋ እንደ አስጎብኚ አልነበረም፤ ጆሮዬ ሥር ያለች ያህል ነው። "ጥርሱን እያመመው ነው የዘመተ። እጁን ከጉንጩ ሥር እንዳደረገ ነው ያገኘነው። የየትኛው ወገን እንደሆነ አናውቅም። ስሙን አናውቅም። ሰው ያልቀበረው ሰው ነው፤ በወደቀበት አፈር ለበሰ።"

እጁን አየሁት። ከጉንጩ ሥር ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኔ ታሪክ አልተማርሁም። ስለ ሞተ ሰው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይለቀስለታል። ከፊቴ የአንዲት ሴት ልጅ ተኝቷል፤ የመጨረሻ መንጋጋው ወጥቶ ያላለቀ ልጅ፣ እናቱ "የት ደረሰ" እንዳለች የቀረች። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ እጄ ሳላዝዘው ደረቴን መታ።

"ማን ብላ ጠራችህ እናትህ በስምህ፣
እሷ ሳትሰማ ነው እኔ የማለቅስልህ።"

ከላይ የእትዬ ጥሩወርቅን ጉሮሮ ሰማሁ። ያ ጉሮሮ ስንቱን ቀብሯል!

"ጦር መጣ ቢሉት ጋሻውን አንሥቶ፣
ይኸው ተኝቷል ቀባሪውን አጥቶ።"

ከዚያ ዕድሩ በሙሉ ነጠላውን አደግድጎ ዋይ አለ። ያ "አባቶቻችን አሸነፉ" ያለው የሞጣ ሰውዬ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ይንሰቀሰቃል። ዘይነባ ብቻ ቀስ ብላ "ኢና ሊላሂ" ስትል እትዬ ጥሩወርቅ ሙሾውን አቋርጠው፦

"እስላም መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"እርስዎስ ክርስቲያን መሆኑን በምን አወቁ?"

እትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ሁለቱም ይደረግለት" አሉና ቀጠሉ።

"እናንተ!" ይጮኻል አቶ ቢኒያም። "ይህ ሳይት ነው! ልቅሶ ቤት አይደለም! ማን ፈቅዶላችሁ ነው?"

"ለልቅሶ ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው፣ ልጄ?" አሉት እትዬ ጥሩወርቅ።

መሰላሉ መጣ። ስወጣ ልጄ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርዳ በተቀደደው ቀሚሴ ላይ አሸረጠችልኝ። ሁለታችንም አፈር መስለናል።

አቶ ቢኒያም መነጽሩን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየነው፤ ቀልቷል። "ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል!" አለ። "ጥብቅ ቦታ ተረግጧል! ልቅሶ ተለቅሷል! ወይዘሪት ማስተዋል፣ በዚህ ዓይነት መቀጠል አትችይም። ዕቃሽን ሰብስቢና ከቤተሰብሽ ጋር ሂጂ።"

እትዬ ጥሩወርቅ በጎኔ ጎሸም አደረጉኝ። "በይ፣ ተሳካልሽ" አሉ በሹክሹክታ። "ያለ ሽምግልና!"

እውነታቸውን ነው። የተሳልሁት ሆነ። ሰማዕቱ ሰምቶኛል። ልጄ አንገቷን ደፍታ የወደቀውን ባርኔጣዋን ልታነሣ ሄደች፤ ማንንም አልለመነችም። ጀርባዋን አየሁት። ዛፍ አትውጪ፣ ወንዝ አትሻገሪ ስላት እንዲያ ነበር ጀርባዋን ሰጥታ የምትመለሰው።

"አትሄድም" አልሁ።

ማን እንደተናገረ ለማየት እኔም ዞርሁ።

"ምን አሉ?" አለ አቶ ቢኒያም።

"አትሄድም አልሁ። 'ከአጥሩ እንዳታልፉ' ብላለች። ሁለት ጊዜ ብላለች። ሁለተኛውን እኔን እያየች። ያለፍሁት እኔ ነኝ። የምትቀጣው ካለ እኔን ቅጣ፤ እኔን ከምን ታባርረኛለህ? ከጌሾዬ? ጉድጓድ ውስጥ ነፍሴ ልትወጣ ስትል ያቆየችኝ በወሬ ነው። እሷ ሥራዋን ሠርታለች። እኔ ጎብኝቻለሁ! በሕይወቴ እንደዚህ ጎብኝቼ አላውቅም!"

ሰውየው ቀስ ብሎ "እናት፣ ስሜትዎን እረዳለሁ፣ ግን ፕሮቶኮሉ..." ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ፊት መጡ። ለምን እንደመጣን ረስተውታል፤ ወይም አልረሱትም፣ ሽምግልናው ብቻ ዞሯል።

"ስማ፣ አንተ ልጅ" አሉት። "ይህችን ልጅ ካባረርህ ነገ ጧት ቢሮህ ደጃፍ ድንኳን እንተክላለን። ዕድራችን በሙሉ ይቀመጣል። ስምህን እያነሣን ደረት እንመታልሃለን።"

"እኔ እኮ አልሞትሁም!"

"እሱ የኛ ችግር አይደለም።"

አቶ ቢኒያም የሌላ አገር ሰው ነው፤ ቢሆንም በቁም የሚለቀስለት ሰው ደኅና እንደማይሰነብት አላጣውም። ወደ ሴቶቹ አየ። ሁሉም ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ናቸው። መነጽሩን መልሶ አደረገው።

"አጥሩ በደንብ በገመድ ይታጠር" አለ። "በልጥ ማጠር ቀረ። ቀጥሉ።" ትንሽ ራቅ ብሎ ሄደና ቆመ። "የጥርሱን ነገር... ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽው" አላት።

እኛ ወደ ብቸና የተመለስነው ያለ ማስተዋል ነው። በጉንደ ወይን ስናልፍ ዓይኔን ገልጬ ነበር። ከተማ ነው፤ ሰው ይሄዳል፣ በግ ይሄዳል። ለጊዮርጊስ ሁለተኛውን ጃንጥላ አስገባሁ። የመጀመሪያውን ነገር "ተወው፣ ተሳስቼ ነው" አልሁት።

አሁንም ፈሪ ነኝ፤ እንዳትታለሉ። ጧት ጧት እደውልላታለሁ። "ጉድጓዱ አልተደረመሰም?" "አልተደረመሰም፣ እማ።" "እሺ፣ ሥራሽን ሥሪ።" የተለወጠው ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ድሮ "ነይ" ነበር የምላት። ልጆች ያሏችሁ እናቶች፣ "ነይ" የሚለው ቃል ፍቅር ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው፤ የፍቅር ነጠላ ተከናንቦ።

በቅርቡ ደግሜ ሄጄ ነበር፣ ከጎብኚ ጋር ተደባልቄ። ልጄ ሰዎቹን ከጉድጓዱ አፋፍ አቁማ "ይህ ወጣት ያለ አልቃሽ ቀርቶ ነበር" ትላለች። "አንዲት የብቸና እናት ይህን ስትሰማ አላስችላት ብሎ፣ ብቻዋን ወደ ጉድጓዱ ወርዳ አለቀሰችለት።"

ጎብኚው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዷ "እንዴት ያለች ደፋር ሴት ናት!" አለች።

ወርዳ! ልጄ በሰው መካከል አየችኝ፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ አለ። አፌን ልከፍት ነበር። "ወደቅሁ እንጅ! ልጥ አይቼ ነው! በቂጤ ነው!" ልል ነበር። ዘይነባ ከጎኔ ቆማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሜዳውን አየሁት፣ አቀበቱን፣ ጉብታውን፣ ያን ሁሉ ጀግና የተኛበትን አፈር። ማን ያውቃል አልሁ በልቤ፤ ከነዚህም ውስጥ ስንቱ ልጥ አይቶ ደንግጦ ይሆን የገባበት።